በላስቲክ ስለተጠቀለሉት ጆይስቲኮች፣ ለሥራ አስኪያጁ

ይድረስ ለክቡር አቶ ላቀው ገብረ ኢየሱስ፣
የንጋት ወጣቶች መዝናኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ፍኖተ ሰላም

ክቡር ሆይ፣

የሁዳዴው ጾም በሰላም አልፎ ይህ የፋሲካ ሳምንት እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን እንዴት ይዟችኋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ከስብሰባ ስብሰባ ሲያጨበጭቡ የሚውሉት እጆችዎስ ደኅና ናቸው? እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ጠባብ የጌም ቤት የማስተዳድረው ያምሮት ስመኘው ነኝ። በበሯ ሲያልፉ ፊትዎን ወደ ማዶ የሚያዞሩባት ቤት ስለሆነች ባያስታውሷት አይፈረድብዎትም።

ይህን ደብዳቤ በቤቴ በር ላይ ለጥፌ፣ ለከተማውም ሕዝብ በስልኩ እንዲደርሰው አድርጌ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገሩኝ፤ የወጣቶች ጉዳይ ከወጣት ጋር የማያገናኝ ይህን ያህል ሥራ እንዳለው የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጉዳዬ አጭር ነው። በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ወጣቶች ቡሬ ላይ በፕሌይስቴሽን ኳስ ይገጥማሉ። የከተማችንን ተወካዮች የመረጠው የእርስዎ ማዕከል ነው። በዚያም ምርጫ ላይ በዚህ ከተማ ማንም አሸንፎት የማያውቀው ወንዳወቅ የሚባል ተጫዋች በጆይስቲክ ምክንያት እንዲቀር ተደርጓል። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ማዕከሉ ለውድድሩ ጆይስቲክ በመግዛቱ እናመሰግናለን። የገዢው ኮሚቴ አባላት ምቾቱን እንዴት እንደመዘኑ ከሱቁ የነበሩ ሰዎች አጫውተውናል፤ ለፋሲካ በግ እንደሚመርጥ ሰው አንዱን አንሥተው ከጀርባው ጨበጥ፣ ከሥሩ ደገፍ አድርገው፣ ከእጅ ሲከብዳቸው ይህ ሥጋ ያለው ነው ብለው ተስማሙ አሉ። በግ ላይ የሚያዋጣ ጥበብ እንደሆነ አልክድም። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ሥራ አልሠራ ብሎ እንድጠግነው ሲላክልኝ ፈትቼ ባየው ግን ክብደቱ የመጣው ከውስጡ ከተጣበቁ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ነበር፤ ለምንም አያገለግሉም፤ የገዢን እጅ ለማታለል ብቻ የገቡ ናቸው። ኮሚቴው እጁን ሰጥቶ ተታሏል።

ክቡርነትዎ የጆይስቲክ ምቾት ማለት ምን እንደሆነ የሚጠይቁት ሰው ባያገኙ ነው እንጂ እኔ ቤት ጎራ ቢሉ በደስታ ባስረዳሁ ነበር። የቆየው የፕሌይስቴሽን አራት ጆይስቲክ ቀላል ነው፤ በአውራ ጣት የሚገፉት ሁለቱ ማዞሪያዎች ከሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መያዣው ቀጠን ስለሚል ለተማሪ እጅ ይስማማል፤ ሞፈር ጨብጦ ላደገ መዳፍ ግን የልጅ ጫማ እንደማጥለቅ ነው፤ ቻርጁም ቶሎ ያልቅበታል። የፕሌይስቴሽን አምስቱ መዳፍ ይሞላል፤ ኳሷ ስትመታ ንዝረቱ የምቱን ልክ ለእጅ ይነግራል፤ በጣት የሚሳቡት ቃታዎቹም እንደ ጨዋታው ይጠነክራሉ፣ ይላላሉ፤ ነገር ግን ከበድ ስለሚል ሲቆይ የእጅ አንጓ ያደክማል። የኤክስቦክሱ ደግሞ ግራው ማዞሪያ ከፍ፣ ቀኙ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ አውራ ጣቶች አይጋጩም፤ ጀርባው ሻከር ስለሚል ላብ ያለበትን እጅ አያንሸራትትም፤ ከቋሪት ለገበያ የሚወርዱ ደንበኞቼ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነው፤ ቻርጅ ሳይጠብቁ እንደ እጅ ባትሪ ድንጋይ ይቀይሩለታላ። ሁሉም የየራሱ እንከን አለው፤ ሁሉም ግን ሰው እንዲይዘው ታስቦ የተሠራ ነው። የማዕከልዎ ጆይስቲክ ከሦስቱም መልክ ተበድሮ የአንዱንም ጠባይ አልወሰደም። ማዞሪያው ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ስለሚያዘነብል በረኛው ብቻውን ጎሉን ጥሎ ወደ መስመር ይሄዳል፤ እኔ በበኩሌ ከሥራ ሰዓቱ አስቀድሞ የሚወጣ ሠራተኛ ትዝ ብሎኝ ነበር።

፪. ንብረት አያያዝዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ጆይስቲኮቹ ከመጡበት ላስቲክ እንዳይወጡ ብርቱ ትእዛዝ ሰጥተዋል። ሶፋውን፣ ሪሞቱን፣ የመኪናውን ወንበር ላስቲኩን ሳይልጥ የሚያስረጅ ሕዝብ ነንና ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቴም ቢሆን የቴሌቪዥኑን ሪሞት እስከዛሬ ያለ ላስቲክ አታውቀውም። ሪሞት ግን ድምፅ ጨምረው ይቀመጡበታል እንጂ ጣት እስኪያልበው አይታገሉበትም። የተጫዋቾቹ እጅ ላስቲኩ ላይ እንደ ቅቤ ዕቃ ሲያዳልጥ፣ የሚጫኑት አንድ ቁልፍ፣ የሚሠራው ሌላ ሲሆን አይተናል። በዚህም ላይ የንብረት ክፍልዎ የንብረት ቁጥሩን በቀይ ቀለም የጻፈው ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል አራቱ ቁልፎች ላይ ነው፤ የትኛው ማቀበያ፣ የትኛው መምቻ እንደሆነ ለማወቅ መገመት ያስፈልጋል። እንዳይሰረቁም እያንዳንዳቸው ከጠረጴዛው እግር ጋር በአጭር ሲባጎ ታስረዋል፤ ተጫዋቾቻችን የከተማችንን ክብር ለማስጠበቅ የተወዳደሩት ወገባቸውን አጥፈው ነው። ሌባ እንኳ ቢመጣ ከነዚህ ጆይስቲኮች አንዱን ለመውሰድ የሚደፍር አይመስለኝምና ስጋትዎን ቀለል ቢያደርጉት እወዳለሁ።

፫. እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ቢስቁበትም ቅር አይለኝም። ይህን ግን እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

ወንዳወቅ ከማንኩሳ ወዲያ የሚኖር አራሽ ነው። በአንድ የበቆሎ አዝመራ የመፈልፈያ ማሽን የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ያ ቀኝ እጅ ከጋቢው ሥር አልወጣም፤ ለቅሶ ቤት በግራው ሰላምታ ሰጠ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እንኳ በዚያ እጁ ለማማተብ አፈረ። እናቱ እመት እማዋይሽ ሚስት ሊያጩለት ቢሉ፣ የማንን ልጅ እጅ ልይዝ ነው ብሎ እንቢ አለ። ወደ እኔ ቤት የመጣው ዝናብ ሊጠለል ነው፤ ሌሎች ሲጫወቱ ብዙ የገበያ ቀን ቆሞ አየ፤ ከዕለታት አንድ ቀን ጋቢውን ገፋ አድርጎ እሱም መጫወት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ።

በኳስ ጨዋታ ሰው ለማስሮጥ የቀኙን ቃታ በሌባ ጣት ስቦ መያዝ ግድ ነው፤ አውራ ጣት ደግሞ በዚያው ቅጽበት ያቀብላል፣ ይመታል። ሌባ ጣት የሌለው ሰው ካስሮጠ አይመታም፤ ከመታ አያስሮጥም። በዚህ ምክንያት ባሕር ዳር አስፈልጌ፣ ከጀርባው ሁለት ተጨማሪ ቁልፎች ያሉት ጆይስቲክ አገኘሁለት። የቃታው ሥራ ወደ ጀርባው ቁልፍ ይዛወርና በቀለበት ጣቱ ይጫነዋል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ሯጩን አያፈጥንም፤ ምቱን አያጠነክርም፤ የእርስዎ ሌባ ጣት ሳይታዘዝ የሚሠራውን ብቻ ይሠራለታል። ወንዳወቅም ከጊዜ በኋላ መናኸሪያ ያለውን ወጣት ሁሉ ተራ በተራ አሰናበተ። በአንድ የገበያ ቀን እመት እማዋይሽ ከቤቴ በር ላይ ቆመው፣ ልጄ እጁን የሚያወጣባት ቤት ይህች ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ናት አልኳቸው። የበሩን ደፍ ስመው ሄዱ።

በምርጫው ዕለት ወንዳወቅ ጆይስቲኩን ይዞ ሲቀርብ፣ ክቡርነትዎ የተለየ መሣሪያ የተለየ ጥቅም ያስገኛል፣ ለፍትሐዊነት ሲባል ሁሉም በማዕከሉ ጆይስቲክ ይጫወት ብለው ወሰኑ። ተጋጣሚውም በወንዳወቅ ጆይስቲክ በተራው ይጫወት ብዬ ብለምን፣ መመሪያ ተራ አያውቅም አሉኝ። ሁሉም አሥር ጣት እንዳለው ቆጥሮ የወጣ መመሪያ ፍትሐዊ መሆኑን በዚያ ቀን ተማርኩ። ወንዳወቅ ክርክር አይወድም፤ እሺ ብሎ በእርስዎ ጆይስቲክ ሞከረ። በቀለበት ጣቱ ቃታውን ልሳብ ሲል ላስቲኩ አዳለጠው፤ ጆይስቲኩ ከእጁ አምልጦ በሲባጎው ላይ ተንጠለጠለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ የሳቁትን አላየሁም፤ እጁን ነበር የማየው፤ ተመልሶ ጋቢው ውስጥ ገባ።

፬. ከዚህ በኋላ ያደረጉት ከሁሉ ይበልጣልና ምስጋናዬም በዚያው ልክ ነው። ማይክሮፎን ይዘው ወንዳወቅን የዕለቱ የክብር እንግዳ ብለው ሰየሙት፤ ለወጣቶች የጽናት አርአያ ነው አሉ፤ ከፊት ወንበር አስቀምጠው ሌሎች ሲጫወቱ እንዲያይ ፈቀዱለት፤ የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ጋቢም ደረቡለት። ጋቢ ለብሶ ለመጣ ሰው፣ እጁን የሚደብቅበት ሌላ ጋቢ። ሰው ለመጫወት መጥቶ ሲጨበጨብለት እንዴት እንደሚያሳፍረው በዚያ አዳራሽ ሳላይ ብቀር ደስ ባለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ተናድጄም ነበር፣ ዛሬም እንደተናደድኩ ነው። ወንዳወቅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ገበያም ወደ እኔ ቤትም አልመጣም፤ እናቱ ለገበያ የሚሸጡትን ጎመን ብቻቸውን ይዘው መጥተው ብቻቸውን ተመለሱ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እኔም በበኩሌ ጥቂት ሠርቻለሁና ሪፖርት ማቅረብ ይገባኛል። ቡሬ ሄድኩ። እዚያ ውድድሩን የምታስተናግደው ሠርክአዲስ የምትባል፣ እንደኔው የጌም ቤት ያላት ሴት ናት። የእነርሱ ሕግ ሁለት ነገር ብቻ ይላል፤ ሁሉም ለእጁ በሚስማማው ጆይስቲክ ይጫወታል፤ ተጋጣሚው የጠረጠረ እንደሆነ ከጨዋታው በፊት ይዞ ይሞክረዋል። ስብሰባ ሳይቀመጡ እንዲህ ያለ ሕግ እንዴት እንዳወጡ አልገባኝም። የወንዳወቅ ቀበሌ ለቡሬም ለፍኖተ ሰላምም ጎረቤት ነው፤ ለማን ይጫወት የሚል መመሪያ እርስዎም አላወጡም። ከተወካዮቻቸው አንዱ ለወንዳወቅ ቦታውን ለቀቀለት። ከዚያ ማንኩሳ ወርጄ፣ እመት እማዋይሽ አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ ልጃቸውን ስለምን አመሸሁ። እንቢ አለ፤ እንደገና ይሳቅብኝ ወይ አለ። በመጨረሻ እናቱ ያንን የእርስዎን ጋቢ ከትከሻው ላይ አንሥተው አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ እሱም ጆይስቲኩን ይዤ መጥቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይዤ ነበር።

ስለሆነም እሑድ ወንዳወቅ ለቡሬ ይጫወታል፤ መጀመሪያ የሚገጥመውም እርስዎ የመረጡትን የፍኖተ ሰላም ተወካይ ነው። ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግኩባት፣ አባቴን የቀበርኩባት ከተማ ናት፤ በኳስ ጉዳይ ከቡሬ ጋር ስንጣላ ከማንም በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ። በዚህ እሑድ ግን ቤቴን ዘግቼ ቡሬ እወርዳለሁ፤ ሀገሬ እንድትሸነፍም እየተመኘሁ እቀመጣለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እርስዎ ይቅር እንዲሉኝ ግን አልጠይቅም።

ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ ለውሳኔዎችዎ ደግሞ አንድ የሚያነባቸው ሰው እግዚአብሔር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከነሙሉ አክብሮቴ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ያምሮት ስመኘው
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ፍኖተ ሰላም

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ በውድድሩ መክፈቻ ጆይስቲክ ይዘው የተነሡት፣ ማዕከሉ በር ላይ አጉልታችሁ የሰቀላችሁት ፎቶ ላይ ጆይስቲኩን የያዙት ገልብጠው ነው፤ ቃታዎቹ ወደ ሆድዎ፣ መያዣዎቹ ወደ ሕዝቡ ሆነዋል። ወጣቱ ሁሉ ሲያልፍ ሲያገድም ይስቅበታል። ማንኩሳ ሄጄ ሳወራለት ያልሳቀው ወንዳወቅ ብቻ ነው፤ አያያዙን የሚያሳያቸው ሰው አጥተው ነው፣ ቡሬ ከመጡ እኔ አሳያቸዋለሁ ብሏል። እኔ ብሆን አላሳይዎትም ነበር።