መለያዎችን እርስ በርስ ያነጋገሩት የጥገና ባለሙያችን ዕረፍት

በሠራተኛው ዘንድ «ጋሼ ቅብብል» በመባል የሚታወቁት የሆስፒታላችን የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል ኃላፊ፣ ለአሥር ወራት በዚሁ በሆስፒታላችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸውና ልጃቸው ባሉበት አርፈዋል። አስተዳደሩና መላው ሠራተኛ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል።

ባልደረባችን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በሬዲዮ ጠጋኝነት ተቀጥረው እስከ ኃላፊነት ደርሰዋል።

ከሰባት ዓመት በፊት የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት ከክፍላቸው ወጥተው ጠፉ። እጃቸው ላይ ያሉበትን ቦታ የሚያሳውቅ ሽቦ አልባ መለያ ታስሮላቸው ነበር፤ ሆኖም የምድር ቤቱ ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ምልክቱ ነርሶቹ ዘንድ ካለው መቀበያ አልደረሰም። ከአምስት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ በብርድ ተኮራምተው ተገኙ፤ ለጥቂት ተረፉ። ባልደረባችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጡ።

በሆስፒታሉ ዕቃዎች ላይም መሰል መለያ ስላለ፣ ያገኙት መላ አንዱ መለያ የሌላውን መልእክት ሰምቶ ለሚቀጥለው እንዲያቀብል ማድረግ ነበር፤ ከታካሚው እጅ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ ኦክስጅን ሲሊንደር፣ እያለ መቀበያው እስኪደርስ። ሐሳቡን ሁለት ጊዜ አቅርበውልን ሁለቱንም ጊዜ ውድቅ አድርገንባቸዋል። ስሕተቱ የእኛ ነበር። «ሰው ለሰው መልእክት በማያደርስበት ቤት ዕቃ ለዕቃ ሊያደርስ ነው?» ተብሎ ሲቀለድባቸው፣ «ዕቃ ከራሱ አይጨምርበትም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሲፈቀድላቸው አራት መቶ መለያዎችን አስተካከሉ። አንድ መልእክት ሲዞር እንዳይውልና ባትሪ እንዳይጨርስም፣ መለያው አንዴ ያቀበለውን ዳግም እንዳያቀብል አደረጉ። ምድር ቤቱን ሳይሞክሩት ግን ታመሙ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ታካሚ ምድር ቤት ወርደው በር ተዘጋባቸው። የእጃቸው መለያ መልእክት እዚያ በተከማቹት ባዶ ሲሊንደሮችና ደረጃው ሥር በቆመ ወንበር በኩል አልፎ ነርሶቹ ዘንድ ደረሰ። በዘጠኝ ደቂቃ ተገኙ። ተረኛዋ ነርስ ወዲያው ወደ ባልደረባችን አልጋ ሄዳ ነገረቻቸው።

«ምድር ቤት?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ምድር ቤት። ደህና ናቸው፤ ሻይ እየጠጡ ነው።»

«እፎይ» ብለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤታቸው እንደነገሩን፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ማስታገሻ የተኙት ያን ዕለት ነው። «ጭንቀቱ ቀድሞት ሄደ፤ እሱ ቀልሎት ተከተለ» ብለዋል።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና ለጥገና ክፍሉ ባልደረቦች መጽናናትን እንመኛለን። ሐዘኑ ሲበረታባችሁ ይህንን አስቡልን፦ እኚያ አዛውንት ትናንት በእግራቸው ቤታቸው ገብተዋል።

የሆስፒታሉ አስተዳደርና ሠራተኞች