የሚያስቀው መልስ

ሰኞ፣ ኅዳር 7
አራተኛ ክፍል፣ ሳይንስ። ያቺ ልጅ ዛሬም መድረሻ አሳጣችኝ። "ቲቸር፣ መርከብ ብረት ሆኖ ለምን አይሰምጥም?" እመት ለምን ብያታለሁ በሆዴ። "በኋላ እንደርስበታለን" ብዬ አለፍኩት።
እረፍት ላይ ርዕሰ መምህሩ ያዘኝ። ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። "ልጆቹ ሲያስቡ ማየት ይፈልጋል።"
እስከ ሐሙስ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 9
ስለሚሰምጥና ስለሚንሳፈፍ ነገር አስጠናኋቸው፤ የእንጨት ጉማጅ ባልዲ ውሃ ውስጥ እንከታለን። ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን እንደሚመልስ። የሚሳሳት ልጅም አስፈለገኝ፤ ካልተሳሳቱ ያሰቡ አይመስልማ። ጎበዝ ናት፣ ትችላለች ብዬ ስህተቱን ለእመት ለምን ሰጠኋት። "ጉማጁ ትልቅ ስለሆነ ይሰምጣል በይ።"
"እንጨት እኮ ነው ቲቸር፣ እንደማይሰምጥ አውቃለሁ።"
"ለነገ ብቻ፣ የኔ ቆንጆ።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 10
እንደተጠናው ሄደ። ተሳሳተች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ... ሳቁን ግን እኔ አላስጠናሁም። ሱፐርቫይዘሩ "አይዞሽ፣ ቀስ እያለ ይገባሻል" አላት። ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር የምናገርላት መስሏት። ዞሬ ሰሌዳ ጠረግኩ።
ሞዴል መምህርት ተብያለሁ። ለባሌ ነገርኩት። "ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ አታካብጂ።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15
እርጥብ ጨርቅ መስኮት ላይ ሰቀልን። ሲደርቅ ውሃው የት ሄደ? ጠያቂዋ ልጅ እጇን አላወጣችም። ጠራኋት። ተነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ፣
"ቲቸር... ትክክለኛውን ልበል ወይስ የሚያስቀውን?"
እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት። ሌላ ማን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 16
ክፍሉ ፊት ተናገርኩ። "እንድትሳሳት ያዘዝኳት እኔ ነኝ። መልሱን ታውቀው ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።" አንገቷን ደፋች። ሱፐርቫይዘሩ ጋም ደወልኩ። ሪፖርቱን እንደሚሰርዘው ብቻ ነገረኝ። ርዕሰ መምህሩ፣ "አሁን ደስ አለሽ?"
ደስ አላለኝም።

አርብ፣ ኅዳር 18
ብርቱካንና ባልዲ ውሃ ይዤ ገባሁ። ከነልጣጩ ይንሳፈፋል፣ ሲላጥ ይሰምጣል አልኳቸው። ማንም አልጻፈም። ከኋላ አንዱ፣ "ይሄም የተጠና ነው?"
"አይደለም።"
አላመኑኝም። ምን ብለው ይመኑኝ?
እመት ለምን መጥታ ብርቱካኑን ከእጄ ወሰደች። "እኔ ራሴ ልላጠው።" ላጠችው፣ ባልዲው ውስጥ ከተተችው። ሁሉም ግር ብለው ከበቧት። ሰመጠ። እኔን አላየችም፤ ወደ ጓደኞቿ ዞረች።
"በአንድ ብቻ አይታወቅም። ሌላ አምጡ።"