ስልሳ አምስተኛዋ መስመር

ይድረስ ለእናቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ደረጃ መውጣት አሁንም ያስቸግርሻል? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ መልሱን ስለምፈልገው ነው። እኔ እንደሆንኩ ንዴት ካልገደለኝ በቀር ደህና ነኝ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ አውቶቡሱ እያንገጫገጨኝ ነው።

ንዴቴን ከሥሩ ልንገርሽ። ሆስፒታል ውስጥ የኔ ሥራ ማሽኖቹ ከመስመር እንዳይወጡ መጠበቅ መሆኑን ታውቂያለሽ። ስልሳ አራት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ፒንግ በሚባለው የኮምፒውተር ትዕዛዝ እየጠራሁ አለህ የለህም እላቸዋለሁ። ፒንግ ግን ወሬኛ ነው፤ አንዲት ነገር ጠይቀሽው ስንት ባይት፣ ስንት ሚሊሰከንድ እያለ በቁጥር ያደነቁርሻል። ስለዚህ ሃያ መስመር የማትሞላ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት የሚሏትን፣ ጻፍኩ። ቁጥሩን ሁሉ ትጥልና የክፍሉን ስምና አንድ ቃል ብቻ ታስቀራለች። ካርድ ክፍል፦ አለ። ላቦራቶሪ፦ አለ። ፋርማሲ፦ የለም። ይህን ከማን እንደተማርኩ አይጠፋሽም። ስልክ ማዞሪያ ላይ ስትሠሪ፣ ጠሪ የሚፈልገው ሰውየው አለ ወይም የለም መባልን እንጂ ሐተታ አይደለም ትይ ነበር።

አለቃችንን በስውር አቶ ገጽታ ነው የምንለው። ስክሪፕቷን ወደዳትና ኮሪደሩ ላይ በትልቅ ስክሪን ሰቀላት። ቆይቶ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ሲባል፣ የለም የሚለው ቃል ገጽታችንን ያበላሻል አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ያውም ሆስፒታል ውስጥ፣ ብዬ ተከራከርኩ። ማን ይሰማል? ራሱ ቁጭ ብሎ አንዲት መስመር ጨመረባት፤ ያልመለሰውን ማሽን ሁሉ እንዳታሳይ። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑ ላይ የሚታየው አለ፣ አለ፣ አለ ብቻ ሆነ። እንግዶቹም አጨበጨቡ።

ሰው የተቀመጠበት ኮምፒውተር ሲቋረጥ ሰውየው ይጮሃል። የክትባት ማቀዝቀዣው የሙቀት መለኪያ ግን አፍ የለውም። ሰኞ የመጋዘኑ መብራት ሲቋረጥ ማቀዝቀዣውም መለኪያውም አብረው ጠፉ፤ ሐሙስ ሲከፈት ክትባቱ ለብ ብሎ ተገኘ። አቶ ገጽታ ስብሰባ ጠርቶ፣ ስክሪፕቷ አናት ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው ብሎ ጠየቀ። የኔ ነዋ! እሱ በጨመራት መስመር ላይ ስሙን አልጻፈ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን እዚያው ሰው ፊት አሸከመኝ። አንጀቴ እርር አለ፣ እማዬ። ነግሬዎት ነበር አልኩት፣ ጮክ ብዬ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ መረረኝ። እውነት ነው፤ ግን አንድ ጠብታ ክትባት አላዳነም። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያኮረፍኩሽ በዚሁ ቃል አይደል? ትዳሬ ፈርሶ እያለቀስኩ ስደውልልሽ፣ ነግሬሽ ነበር ስላልሽኝ። ያን ቀን እሱን ማለት አልነበረብሽም፤ ይህን ዛሬም አልመልሰውም። ግን ስትይው የአንቺም አንጀት አርሮ እንደነበር ያኔ አልገባኝም።

ሰውየው በዚህ አላበቃም። ስክሪፕቷ የምትጠራቸውን ማሽኖች ዝርዝር ሲያነብ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ደረሰና፣ ስልሳ አምስተኛዋ ደግሞ ምንድን ናት፣ እማዬ የሚባል ክፍል አለን እንዴ፣ ብሎ ሰዉን አሳቀብኝ። ይሳቁ። አላፈርኩም። ጡረታ ወጥተሽ ኮምፒውተር ስትማሪ፣ ቤትሽ ያለው ማሽን ከውጭ ሲጠሩት እንዲመልስ አድርገሽ ቁጥሩን በእጅሽ ጽፈሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ስንጣላ ትዘጊዋለሽ ብዬ ነበር። አልዘጋሽውም። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እጠራለሁ፤ ይመልሳል። ለአንቺ ብቻ፣ አለ በማለት ፈንታ አለች እንዲል አድርጌ ነበር የጻፍኩት። እማዬ፦ አለች። ከዚያ ወደ ሥራዬ እገባለሁ። የሚጠራሽ ማን እንደሆነ ታውቂ ነበር?

ከስብሰባው ወጥቼ የሰውየውን መስመር ነቅዬ ስክሪፕቷን እንደ ድሮዋ አስነሳኋት። የክትባት መለኪያ፦ የለም። እማዬ፦ የለችም።

ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እኔን ነው። ያ ሁሉ አለ ሲደረደር አንዷ መጉደሏን አልቆጠርኩም። አቶ ገጽታን ክትባቱን ስላበላሸ ሆስፒታሉ ይቅር ይለው ይሆናል፤ አንቺን ስለደበቀብኝ ግን እኔ አልምረውም። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም። የጎረቤትሽን ቁጥር እንኳ አልያዝኩም፤ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ? ፈቃድ ሳልጠይቅ ተሳፈርኩ። ሁለታችንም ክፉ አፍ ስላለን፣ ሳንነጋገር በፊት ይህን እንድታነቢልኝ እፈልጋለሁ።

ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ እጠግነዋለሁ። ተናደሽብኝ ነቅለሽው ከሆነ፣ ስልኩንም የማታነሺው በቂም ከሆነ፣ እሰየው፤ ንዴትሽን ያብዛው። የሚናደድ ሰው በሕይወት አለ።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። ልደርስ ነው፤ መንገድሽ ከዚህ ይታያል። ሳንኳኳ ከውስጥ ማነው በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከፈለግሽ ነግሬሽ ነበር በይኝ።

ልጅሽ