እንጨት ያልነካው ብርጭቆ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታውን ወደ መጨረሻ ገፍቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ይህን አንብብልኝ። አላሾፍኩብህም። አፍንጫዬ ሞቷል።

ክረምት ላይ ያስተኛኝ ትኩሳት ነው ይዞት የሄደው። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ሽታ ግን አልተመለሰም። ሳሙናም፣ ብቅልም፣ የሚያር ድስትም አንድ ሆኑብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠመቃ ቤቱ ውስጥ «አፍንጫው» የምባል ሰው ምን ብዬ ልናገር? የሰው ፊት እያየሁ ቢራውን «ደርሷል»፣ «አልደረሰም» ስል ሰባት ወር ቆየሁ።

ከዚያ አንተ ያንን ብርጭቆ ይዘህ መጣህ። ጠንካራው ቡናማ ቢራ የእንጨቱን ጣዕም እንዲይዝ አንተ በሠራኸው የእንጨት በርሜል ውስጥ ዓመት ተኝቷል። ጣቶችህ እምቢ ሳይሉህ በፊት የሠራኸው የመጨረሻው በርሜል መሆኑን አውቃለሁ። «እስቲ ቅመሰው» አልከኝ። ቀመስኩ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ሌላ ምንም። ፊትህን አየሁት፤ እሱም ምንም አይልም። ስለዚህ እንደ ድሮዬ ጀመርኩ።

«እንጨቱማ! ቫኒላው፣ ጭሱ! ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ፣ ይሄ ካለፉት ሁሉ ይበልጣል!»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ወጣህ። ልብህ ተነክቶ መስሎኝ ነበር። የመሣሪያ መደርደሪያህ ባዶ መሆኑን ያየሁት በማግስቱ ነው።

ጥለኸን የሄድክበትን ምክንያት የነገረችኝ ጠርሙስ አጣቢዋ ናት፤ ያውም ትናንት።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉንፋን ይዞህ ነበር እንዴ? እንጨት እንጨት ስትል የዋልከው እኮ ከብረቱ ታንከር የተቀዳውን ነው! በርሜል አጠገብም አልደረሰ። እንድታነጻጽር ብሎ መጀመሪያ እሱን ሰጠህ፣ አንተ መች አስጨረስከው!» ቀጥላም፣ «‹ለካ ስንት ዓመት ሲያሞኘኝ ኖሯል› እያለ ነው የወጣው» አለችኝ።

ጋሼ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ስለ እንጨትህ ያልኩህ እውነት ነው። የመጀመሪያ በርሜልህን «ሙጫ ሙጫ ይላል» ብዬህ ሦስት ቀን አኩርፈኸኛል። የሚያሞኝ ሰው እንዲህ ይላል? በአንተ እንጨት የዋሸሁት አንዴ ነው። አንዷ ግን ሁሉንም በላችብኝ።

ዛሬ በርሜሉን ከፈትኩት። አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት፣ አራት። ሙቀቱ ደረቴ ድረስ ይወርዳል፣ እዚያው ይቀራል። ከብረቱም ቀድቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ፣ ሰው እንደሌለ አረጋግጬ፣ ተንበርክኬ የበርሜሉን ጣውላ ላስኩት። አጣቢዋ ግን በሩ ላይ ቆማ አይታኛለች። እሷ፣ በሁሉ የምትስቀው፣ አልሳቀችም።

ቢራው ደርሶ ይሁን አልፎበት፣ እዚህ የሚያውቅ የለም። ይፍሰስ ካልክ ይፍሰስ፤ ና የምልህ ለሱ አይደለም። ሁለቱንም ብርጭቆ አንተው ቅዳቸው። የቱ ከየት እንደሆነ ንገረኝ። እንጨትህ ምን ምን እንደሚል አንተ ንገረኝ፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ሰላምታው ቀርቶ ነበር። እንደምን ነህ? ጣቶችህስ?

ታናሽህ፣
«አፍንጫው» ይባል የነበረው