«አንቺም ትሰሚያለሽ?» ያልከኝ ቀን

ሰይዴ፣ የልጄ አባት፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። መርሳ ገበያዋ እንደገና ቆሟል፤ አውቶቡሶቹም ተመልሰዋል። በስፌት መኪናህ አሁን ወንድምህ ይሠራበታል። ዘሃራ አፏን ፈታች፤ ያየችውን ሁሉ ትጠይቃለች።

ሕመሙ ሲጀምርህ ምን እንደሆነ አልገባንም ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣህ። ቀጥሎ ልብስ እየሰፋህ ድንገት ታቆምና ማንም ለሌለበት ጥግ መልስ መስጠት ጀመርክ። ደንበኞች በሹክሹክታ እንደሚያሙህ፣ እኔም ወጥህ ውስጥ መርዝ እንደምጨምር አመንክ። እናትህ ጂን ነው ብለው ሸኽ ዘንድ ወሰዱህ። ሸኹ ግን ዱዓ አድርገውልህ ሲያበቁ፣ «ዱዓው አይቋረጥ፤ ልጁን ሐኪም ቤትም አድርሱት» አሉ።

ወልድያ ሆስፒታል ወሰድንህ፤ ሐኪሙ በቀስታ ጠየቀህ። ድምፁ ምን ይልሃል? ያዝዝሃል ወይ? ጫት ትቅማለህ? ሌላ በሽታ እንዳይሆን ደምህንም አስመረመረ። ወራት ተመላልሰን ነው ስሙን የነገረን፦ ስኪዞፍሬንያ። «የአእምሮ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ» አለን። ኪኒኑን ወሰድክ፤ ድምፁም እየራቀ ሄደ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳትጠራጠር ከእጄ ጎረስክ። ያን ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒት ቤቱ ባዶ ቀረ። ኪኒኑን ለሁለት እየቆረስን ብናቆየውም አለቀ፤ ድምፁም ተመለሰ።

ከውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያው ማጓራት የጀመረ ለት ክንዴን ጨብጠህ፣ «አንቺም ትሰሚያለሽ?» አልከኝ። «አዎ፣ እሰማለሁ» አልኩህ። ፈገግ አልክ። አገሩ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ አንተ እፎይ አልክ። ያ ፈገግታህ ዛሬም ከእንቅልፌ ያባንነኛል።

በማግስቱ «እየጠሩኝ ነው» ብለህ ወደ አስፋልቱ ወጣህ። ዘሃራን እንዳዘልኩ ስከተልህ ጎረቤቶች ይዘው አስቀሩኝ። የጠራህን እኔ አልሰማሁም፤ ተኩሱን ግን ሰማሁት። በጥድፊያ ሰግደውብህ ቀበሩህ።

አሁን ዝናብ ሲጥል ከጓሮ «ከድጃ» ብለህ የምትጠራኝ ይመስለኛል። ወጥቼ አያለሁ፤ ዝናቡ ብቻ ነው። ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰሞኑን ገበያ ላይ አንዷ ዘሃራን «የዚያ እብድ ልጅ» አለቻት። ልጅቷ እብድ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አቅፌያት፣ «አባትሽ ልብስ ሰፊ ነበር። ታመመ፤ መድኃኒትም ነበረው፤ ጦርነቱ ከለከለው» አልኳት። በጠየቀችኝ ቁጥር ይህንኑ እነግራታለሁ፤ እስክታድግ፣ እኔ ሳልኖር ለልጆቿ እስክትነግር ድረስ።

ከድጃህ