የወሎው ልጅ እኔ አይደለሁም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ደባሱ፤

አባቴ ሆይ፣ እንዴት ከርመዋል? ሳሉስ ተሻለዎት? እናቴስ እንዴት ናት? ገብሱስ ውርጭ ሳያገኘው ገባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ሙሉ አካሌን ይዤ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ ነው እንግዲህ ያሳፈረኝ።

የእኅቴ የሸጌ ወረቀት ደርሶኛል። አብሮን የሚማረው ሞላ ለእረፍት አገር ቤት ገብቶ፣ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር ሲጋጭ የወሎው ልጅ ሰው አተረፈ ብሎ ቢያወራ፣ እናቴ ልጄ ነው ብላ እልል አለች አሉ። እርስዎም በግ ተስለው ለጥር ጊዮርጊስ ሊያርዱ ነው፤ አገሩን ሁሉ ጠርተዋል። ኧረ በስመ አብ! አባቴ፣ እዚህ ወሎዬው እኔ ብቻ አይደለሁም። የጋሸናው ሸዕባንም የወሎው ልጅ ነው የሚባለው። ሰው ያተረፈው እሱ ነው።

ባለፈው ግንቦት ነው። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ቆሞ ሳለ ሌላ ባቡር ከኋላ መጥቶ ገጨው። መብራቱ ጠፋ፣ ጭስ አፈነን። በሩ እንደተከፈተ ሰው ተጋፋ፤ ከሁሉ የባስሁት ግን እኔ ነኝ። አንዲት ባልቴት ከፊቴ ወደቁ። ጀርባቸውን ረግጬ ወጣሁ። የኛን አገር የጨለማ ዋሻ የፊተኛውን ሰው ነጠላ ይዤ፣ እጄን ከግድግዳው ሳልነቅል ቀስ ብዬ ማለፍን ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ። ምን ዋጋ አለው!

አብሮኝ የነበረው ሸዕባን ግን ተመልሶ ገባ። ባልቴቲቱን ደግፎ ሲያወጣ ብረት ወደቀበት። እሳቸው ተረፉ፤ የሱ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተቆረጠ። አሁን ትምህርት ቤት ስለ አደጋው ያስተምሩናል፤ አትጋፉ፣ ተያያዙ፣ የወደቀውን አንሡ ይሉናል። እሱ ከነምርኩዙ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ደንግጠህ ነው፣ ተወው ይለኛል። ይህ ከስድብ ይብስብኛል።

እናቱ እማማ ጀውሀራ ጋሸና ምግብ ቤት አላቸው። እግሩን ማጣቱን አልሰሙም። በወረቀት ከሚሰሙት ሽማግሌ ቀርቦ ቢነግራቸው ይሻላል ስለው እሺ ብሎኛል፤ ሽማግሌው እርስዎ ይሁኑልኝ። አባቴ፣ እባክዎ በጉን አይረዱት። እነሱ በክርስቲያን እጅ የታረደ አይበሉምና ከነነፍሱ ይዘውላቸው ይሂዱ። መንገዱ እንደሚያደክምዎ አውቃለሁ። ስለቱን ንስሐ አባትዎን ያማክሩበት። ለተጠራውም ሰው እውነቱን ይንገሩልኝ።

ሸጌ እናቴን ጉልበቷን ትሳምልኝ፤ እልልታዋን ስላከሸፍሁባት ይቅር ትበለኝ። ሸጌን፣ አያቴን አመተ ጊዮርጊስን፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ለእማማ ጀውሀራ ግን ሰላምታ አልልክም፤ ፊቱ የለኝም። ልጅዎ የወደቀ ሰው አነሣ፣ የኔ ልጅ የወደቀ ሰው ረገጠ ይበሏቸው።

ልጅዎ ምስጋኑ ደባሱ
ሶቪየት ኅብረት፣ ኅዳር ፳ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.