ሻንጣው አልጋው ላይ ነው

እህት ዓለም፣

እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው በወረቀት። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደገና ማፍሰስ ጀምሯል፤ ባልዲ አድርጌበታለሁ፣ ሲሞላ ድፊው።

ማታ ያኮረፍኩሽ መስሎሽ ይሆናል። ለቪዛው ኤምባሲ ውዬ ነው የመጣሁት። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ወረቀቶቼን ስታገላብጥ የልደት ሰርተፊኬቴ ላይ ስትደርስ ቆመች። ላሚኔት የተደረገ አይቀበሉም፤ ማህተሙን በእጃቸው ዳሰው ማየት አለባቸው። ቤት ገብቼ ፕላስቲኩን በምላጭ ልልጠው ብሞክር ማህተሙ አብሮ ተነሳ።

ፎቶኮፒ ቤትሽ ወስደሽ፣ ለደንበኛ እንኳ የማታወጪውን ወፍራሙን ፕላስቲክ ያለበስሽው ዝናብ እንዳይነካብኝ ብለሽ ነው። አውቃለሁ።
አውቃለሁ አልኩ እኮ።
ብቻ አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ... ተይው።

አሁን ወደ ተወለድኩበት ከተማ እየሄድኩ ነው፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ከሰጠኝ ብዬ። በስልክ ግን መዝገቡን ጎርፍ በልቶታል ብለውኛል። ቢሰጡኝም የሚቀጥለው የኤምባሲ ቀጠሮ የሚደርሰው እናቴ ቀዶ ጥገና ከገባች በኋላ ነው። ቤት ቁጭ ማለት ስላቃተኝ ነው የምሄደው።

እዚያ ሰው አገር ሆስፒታል ተኝታ የኔ ስልክ እምቢ ሲላት አንቺ ጋ መደወሏ አይቀርም። «ልጄ ትመጣለች?» ካለችሽ፣ ሻንጣዋን ሸክፋለች በያት። ውሸት እንደማይሆንልሽ ስለማውቅ ሻንጣዬን ሸክፌ አልጋው ላይ ትቼልሻለሁ። እሱን እያየሽ አውሪያት።

ስትጨርሺ ልብሶቹን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሺልኝ።